የሸህ ሙሄዲን ሰነፎች

ሸህ ሙሄዲን ሰው አያመሰግኑም። ቡሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ገበያው ዳር ባለችው ሱቃቸው ልብስ ይሰፋሉ፤ ሱሪ ሊያሰፋ የገባ ሰው ሜትሩ ወገቡ ላይ እንደተጠመጠመ "ይህን ሆድ ተሸክመህ ጨርቅ እንዲበቃህ ትፈልጋለህ?" ተብሎ ይወጣል። ሱሪው ግን ልክክ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ ስለዚህ ሰው ተሰድቦም ይመለሳል። እኔ ራሴ ካሉኝ ሦስት ሱሪዎች ሁለቱ የሳቸው ስፌት ናቸው። ሦስተኛውን ባሕር ዳር ሄጄ ነው የገዛሁት፤ ስለሱ ባናወራ ደስ ይለኛል።

ወንዳወቅ እባላለሁ። ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው፤ የምውለው ግን በአካባቢያችን ካሉት ማረሚያ ቤቶች በአንዱ ነው። ይህን ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ "ስንት ተፈረደብህ?" ስለሚለኝ አስቀድሜ ልናገር፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከዚህም ሌላ የአመክሮ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አብዛኛውን ፍርዱን ጨርሶ ጠባዩ የታረመ ታራሚ ቀሪውን ጊዜ ውጭ ሆኖ እንዲፈጽም ኮሚቴው ስሙን ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ያ ዝርዝር የሚወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዝርዝሩ የቀረ ሰው ስድስት ወር ቆጥሮ እንደገና ይጠብቃል።

ሸህ ሙሄዲን ወደኛ መምጣት የጀመሩት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ለክርስቲያኖቹ ታራሚዎች ቄስ ይመጣላቸው ነበር፤ ሙስሊሞቹ "እኛስ?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ቡሬ መስጊድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ማን ይሂድ ሲባባሉ አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ሱቄን ማን ይጠብቅልኝ አለ፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ድምፅ በስብሰባው ያልተገኙትን ሸህ ሙሄዲንን መረጡ። እሳቸው የሰው ኮት እየሞከሩ ነበር። ሲነገራቸው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሰድበው፣ በነጋታው ማክሰኞ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ካልተዘጋ በቀር አንድም ማክሰኞ ቀርተው አያውቁም። ከቡሬ ነጋዴዎች ሳሙና፣ ቴምርና ያገለገለ ሱሪ እየለመኑ ያመጣሉ፤ ሳሙናውን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እኩል ያድላሉ። "ቅማል ሃይማኖት አይለይም" ነው የሚሉት።

በር ላይ የሚቀበላቸው ሳጅን አለበል ነው። አለበል የግሽ ዓባይ ሰው ነው፤ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቄስ ትምህርት ቤት የተቀመጠ፣ ዳዊት በቃሉ የሚወጣው ሰው። ፍተሻ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሸህ ሙሄዲን በመጡበት የመጀመሪያ ቀን ከቦርሳቸው የእንጨት ሰሌዳ አወጣ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ሉህ ነው። ትምህርቱ የሚጻፍበት ሰሌዳ።"

"ሰው ቢመቱበት ይገድላል።"

"ሰው የገደለ ሉህ እስካሁን አላየሁም፤ ትዕግሥቴን የገደለ ተማሪ ግን ሞልቷል" አሉ ሸህ ሙሄዲን።

አለበል ሰሌዳውን አገላብጦ አየና "ያልገባኝን ጽሑፍ አላስገባም፤ ያንብቡልኝ" አለ። ሸህ ሙሄዲን እዚያው በር ላይ ቆመው አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያሉ አነበቡለት። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት አለበል ከሳቸው ቀድሞ ፊደሉን ይጠራ ጀመር፤ በሦስተኛው ዓመት "ይቺ ነጥብ ከላይ አልነበረችም እንዴ ያለፈው ሳምንት?" እያለ ይሟገታቸው ነበር። ሸህ ሙሄዲን ነጥቧን ያዩና ዝም ብለው ያስተካክሏታል። "አንተ መፈተሽህን ፈትሽ" ይሉታል፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ተናግረውት አያውቁም።

ትምህርቱ የሚሰጠው በሸክላ ሥራው ክፍልና በወጥ ቤቱ መሐል ባለች አዳራሽ ነው። ሃያ ያህል ተማሪ ይገኛል። እኔ መዝገብ ቤት ሆኜ ስድባቸውን እሰማለሁ። "ሰነፍ" የሚለው ቃል በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቆጥሬ አልጨረስኩም። አብዛኛው ደግሞ የሚወርደው በአንድ ልጅ ላይ ነው፤ በሙንዲር ላይ።

ሙንዲር የሽንዲ ልጅ ነው። በሃያ አራት ዓመቱ እህል ገበያ ውስጥ በሚዛን ተጣልቶ፣ የሚዛኑን ድንጋይ በሰውዬው ራስ ላይ አሳረፈው። ሰውዬው ተረፈ፣ ሽማግሌም አስታረቃቸው፣ ሕግ ግን ሕግ ነውና ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሲገባ አሊፍን ከከብት መንጃ በትር አይለይም ነበር። እኔ ስለ ቁርኣን የማውቀው የለኝም፤ ስለ እጅ ጽሑፍ ግን ሙያዬ ነውና አውቃለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማመልከቻ የሚያጽፈው ሙንዲርን ነው፤ ጽሑፉ መዝገብ ቤት ሲደርስ ማህተም ለማሳረፍ ያሳሳል።

እናቱ ራጂያ በየወሩ ከሽንዲ እየመጡ ይጠይቁታል። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ባለፈው ክረምት ሲመጡ ልጃቸውን እንደማየት ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት። "በዚህ ዓመት ካልወጣህ፣ ስትወጣ የማይህ በእጄ ነው" አሉት። እኔ በመስኮቴ ሰማሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙንዲርን መዝገብ ከሌላው ለይቼ ከላይ አስቀምጥ ነበር።

ጊዜው ደረሰ። ኮሚቴው ከሃይማኖት መምህራን ስለ ታራሚዎቹ ጠባይ የጽሑፍ አስተያየት ጠየቀ። ሸህ ሙሄዲን ጻፉ፤ እኔ በስብሰባው ላይ አነበብኩ። ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኛል። በልጅነቴ ዜና አንባቢ መሆን ነበር ምኞቴ፤ አልሆነም፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሳገኝ አልምርም።

"ሙንዲር፦ ሰነፍ ነው" ብዬ ጀመርኩ። "አራት ዓመት አስተማርሁት፤ ዛሬም ቁርኣን ሲቀራ ከንፈሩ ይቸኩላል። እኔን መምህሩን ይከራከረኛል። ከትምህርት ሰዓት ውጭም አያርፍም፤ ሌሎቹንም አያሳርፍም። አድክሞኛል።"

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ኢንስፔክተር ንግሥቴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ሌሎቹን አያሳርፍም? መምህሩንም ይከራከራል? እኛ ጨዋ ነው ስንል የከረምነው ማንን ነው?" አሉ።

ቀጠልኩ። "ሸምሰዲን፦ መልካም ልጅ ነው። ምንም አያስቸግርም። አላህ ይርዳው።"

ሸምሰዲን የሰው በግ ሰርቆ የገባ ልጅ ነው። በትምህርት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል፤ እውነትም የተኛ ሰው አያስቸግርም። ኮሚቴው ሸምሰዲንን አጸደቀ። በሙንዲር ስም አጠገብ "ለሚቀጥለው ይታይ" ተባለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እጄ እንቢ እያለኝ ጻፍኩት። ዝርዝሩ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው በሳምንቱ ረቡዕ ነበር።

በነጋታው ሸምሰዲን መስኮቴ ላይ መጣ። ደስታ ሊያካፍለኝ መስሎኝ ነበር፤ ልጁ ያለቅሳል።

"ጋሼ ወንዳወቅ፣ ሸህ ስለኔ ምን ብለው ነው የጻፉ?"

"መልካም ልጅ ነው ብለውሃል። እንኳን ደስ ያለህ።"

"አላህ ይርዳው ብለዋል?"

"ብለዋል።"

"በቃ፣ ተስፋ ቆርጠውብኛል" አለና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ነገሩ ስላልገባኝ ወደ በሩ ሄጄ ለአለበል ነገርኩት። አለበል መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ፤ ሙንዲር ከዝርዝሩ መውጣቱን ስነግረው ግን ሳቁን አቋረጠ።

"አንተ የተማርኸው በጠመኔ ነው። ደብተርህ ላይ 'በጣም ጥሩ' እየተባለ ነው ያደግኸው፤ አይገባህም። ጥሩ ተማሪ አይመሰገንም። ከተመሰገነ ዓይን ይበላዋል፤ ዓይን ባይበላው ኩራት ይበላዋል። መምህር የሚሰድበው ተስፋ ያደረገበትን ነው። 'ጎሽ፣ ጎሽ' የተባለው ልጅ እኮ ወዲያው አቁማዳውን ይዞ ወደ እርሻው ይመለሳል። ሸኻቸውም እንደኛ የኔታ ናቸው፤ የጻፉት ሙገሳ ነው።"

"አንተንስ የኔታ ጎሽ ብለውህ ያውቃሉ?"

"ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አላሉኝም።"

"ታዲያ ጎበዝ ነበርህ ማለት ነው።"

አለበል የበሩን መወርወሪያ ከፍቶ ዘጋው። "ወይም እውነትም ሰነፍ ነበርሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሞቱ" አለ።

ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ሸህ ሙሄዲን ገና ከመግባታቸው መዝገብ ቤት አስገብቼ ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

"ሙንዲር ቀረ? እንዴት ሁኖ! ሰነፍ ነው ብዬ ጻፍሁ እኮ!"

"እሱ ነው ያስቀረው ሸህ። ነገ ጠዋት ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ዝርዝሩ ከመሄዱ በፊት ያርሙት። አንድ ገጽ ምስጋና ይጻፉለት።"

"ልጁን ልታስበሉት ነው? ኮሚቴው ስንት ሰው ነው?"

"አምስት።"

"አሥር ዓይን!"

ከዚያም ከሃያ ዓመት በፊት የሆነውን ነገሩኝ። ቡሬ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ፣ ድምፁ ያማረ አንድ ተማሪያቸውን ሰው ፊት "ድምፁን ስሙልኝ" ብለው አመሰገኑት። በወሩ የልጁ ድምፅ ጠፋ፤ ያ እንደ ዋሽንት የነበረው እንደ በሬ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ላለማመስገን ማሉ።

"ልጁ ዕድሜው ስንት ነበር?" አልኳቸው።

"አሥራ አራት።"

በአሥራ አራት ዓመት የማንም ድምፅ እንደሚጎረንን ላስረዳ ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና "አንተ መልካም ልጅ ነህ፤ አላህ ይርዳህ" ብለውኝ ወጡ። የቃሉን ትርጉም ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ስለነበር በጣም ተሰማኝ።

የሚቀጥለውን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናዚፋ ናቸው፤ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለቡሬ ገበያ ሁሉ ነው የተናገሩት። ሸህ ሙሄዲን ያን ዕለት ቤት ገብተው ምግብ ቀረበላቸው። እንደ ወትሯቸው "ጨው አንሶታል" አሉ፤ ግን አልበሉም። ምን ሆነው ነው ተብለው ሲጠየቁ ነገሩን አወጡት።

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ወጥ ስሠራልዎ አንድ ቀን ጣፈጠ ብለውኝ አያውቁም" አሉ ናዚፋ።

"አሁን ስለ ወጥ ነው የምናወራ?"

"ስለ ወጥ ነው። እኔ ተከፍቼ የማላውቅ፣ ድስቱን በእንጀራ ሲጠርጉ ስለማይዎ ነው። ጨው አንሶታል እያሉ ነው የሚጠርጉ። ኮሚቴው ድስቱን ሲጠርጉ አላየዎትም። ደብዳቤዎን ብቻ ነው ያየ። የእናቱ፣ የዚያች ምስኪን ዓይን ደግሞ ጊዜ የለውም።"

ሸህ ሙሄዲን ወጡን በሉት፤ ድስቱንም ጠረጉት። ረቡዕ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው መጡ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ በር ላይ ቆመው ነበር። ኢንስፔክተር ንግሥቴ ወንበር አስሰጧቸውና "የማሻሻያ ደብዳቤ ካለዎት ይስጡን ሸህ" አሏቸው።

"የተጻፈ ነገር መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ ዓይን ያርፍበታል። በአፌ ነው የምናገር። ሁለት ነገር ግን እለምናለሁ። አንደኛ፣ ልጁ እንዳይሰማ።"

"ልጁ ማደሪያው ነው። ሁለተኛውስ?"

"እኔ አንዲት ጥሩ ነገር በተናገርሁ ቁጥር ሁላችሁም የየሃይማኖታችሁን በሉ። እኔ ማሻአላህ እላለሁ። እናንተ በስመ አብ በሉ።"

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ኢንስፔክተር ንግሥቴ ታራሚ በስማቸው የሚደነግጥ ሴት ናቸው፤ "ይሄ ስብሰባ ነው" ብለው የሚያስወጧቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "ልክ ናቸው" አሉ። "የልጄን ፀጉር ጎረቤቴ አመስግናው በሳምንቱ ጭርት ወረሰው። እንበል።" እኔ ብዕሬን ይዤ ይህ በቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት ይጻፋል ብዬ ስጨነቅ ሸህ ሙሄዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሙንዲር" አሉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። "ሙንዲር... አይከፋም።"

"በስመ አብ" አለ ኮሚቴው።

"ሸህ፣ 'አይከፋም' ብዬ ለፍርድ ቤት ልላክ?" አሉ ኢንስፔክተሯ።

ሸህ ሙሄዲን ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁት። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ተናገሩ።

"ሌሎቹን አያሳርፍም ያልሁት፣ እኔ ማክሰኞ አስተምሬ የምሄደውን እሱ እስከ ሰኞ ሲያስጠናቸው ስለሚውል ነው። ማሻአላህ።"

"በስመ አብ።"

"ይከራከረኛል ያልሁት፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አርሞኝ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ልክ እሱ ነበር። ተማሪው ሁሉ እንዳያፍርብኝ በጆሮዬ ነው የነገረኝ። ማሻአላህ።"

"በስመ አብ" አልን። እኔም ብዕሬን ትቼ ነበር።

"አድክሞኛል ያልሁት ደግሞ እውነት ነው። የማላውቀውን እየጠየቀኝ፣ ለሱ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ማጥናት ጀምሬያለሁ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደሱ ያለ አላየሁም። ከኔ ይበልጣል። ቢወጣ ሰው ይጠቀምበታል፤ ቢቀር ግን የምቀጣው እኔ ነኝ፣ በብዕሬ አስቀርቼዋለሁና።"

ሸህ ሙሄዲን የራሳቸውን ማሻአላህ ረስተውት ነበር። ያኔ ከበሩ ውጭ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ "ማሻአላህ" አለ።

ክፍሉ ውስጥ ከሳቸው በቀር ሙስሊም የለም። ሸህ ሙሄዲን ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። "ጆሮዬ ነው" ብለው ተዉት። ኢንስፔክተር ንግሥቴ አንዳች ጉድፍ ዓይናቸው ውስጥ የገባ ይመስል በመሐረባቸው ጠረጉና "ወንዳወቅ፣ 'ለሚቀጥለው ይታይ' የሚለው ይሰረዝ" አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥርዝ ሰርዤ አላውቅም።

ፍርድ ቤቱ አጸደቀ። ሙንዲርና ሸምሰዲን የወጡት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ራጂያ ልጃቸውን ቀርበው ሲያዩ "ከሳህ" አሉ፤ በዓይናቸው አይተው ማለት ነው። እኔም ለማየት ከቢሮዬ ወጥቼ ነበር። ሸህ ሙሄዲን ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ደረሱ።

መጀመሪያ ሸምሰዲን ተጠጋቸው። "ሸህ፣ ከመሄዴ በፊት እኔንም አንድ ጊዜ ይስደቡኝ" አላቸው።

ሸህ ሙሄዲን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ትተኛለህ" አሉት። "ባትተኛ ግን ያቺን ሰባት አንቀጽ ፋቲሐ ትጨርሳት ነበር፤ ሰነፍ።" ሸምሰዲን የተመረቀ ሰው ሆኖ ሄደ።

ሙንዲር ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

"ቡሬ መስጊድ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለህ" አሉት። "ከንፈርህ ገና ይቸኩላል። ያን ዕለት ለኮሚቴው ያልሁትም ይህንኑ ነው፤ ሰነፍ ነው ብያለሁ።"

"አውቃለሁ ሸህ" አለ ሙንዲር። "ሲረሱት ጊዜ ማሻአላህ ያልሁት እኔ ነኝ።"

ሸህ ሙሄዲን ወደ አለበል ዞሩ። ታራሚን ከማደሪያው አውጥቶ ኮሚቴው በር ላይ ሊያስቀምጥ የሚችል ሌላ ማን አለ?

"አንተ ነህ ያመጣኸው?"

"ኮሚቴው ሊጠይቀው ይችላል ብዬ ነው" አለ አለበል፣ ፊቱን ሳያነሣ። ቀጠለና "ደግሞ አንድ ጊዜ ይስማው ብዬ ነው። ሳይሰሙ መቅረት አለ" አለ።

እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ መናኸሪያው በባጃጅ ሄዱ። ሸህ ሙሄዲን ባጃጁ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ቆሙ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ቦርሳቸውን ለፍተሻ አቀበሉ። አለበል ሉሁን አወጣና ልማዱ ነውና የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ ያነበው ጀመር። ሸህ ሙሄዲን ሰሙት፤ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"አለበል" አሉት።

"አቤት ሸህ።"

"ሰባት ዓመት በር ላይ አስተማርሁህ። ዛሬም ስታነብ ትቸኩላለህ። አንተ ሰነፍ ነህ።"

አለበል ራሱን ቦርሳው ውስጥ ቀብሮ፣ ያን ቀን የሸህ ሙሄዲንን ቦርሳ ሦስት ጊዜ ፈተሸው።